ባለ ደሙ ራሱ ሲመጣ

አንድ ሰው ነበረ። በመስኖ ውሃ ጠብ የሌላ ቀዬ ልጅ ገደለ። እስራቱን ጨርሶ ወጣ፤ መንግሥት ለቀቀው፣ ደሙ ግን አልለቀቀውም። የሟች ወንድሞች ሊገድሉት ምለው ነበርና ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። እርሻውን ሌላ ያርስለታል። ታማ የተኛች እናቱን ለመጠየቅ እንኳ ወንዙን አይሻገርም። ይሄ ኑሮ ነው? ቀን ሲጎድል እንጂ!

እርቁን እንዲይዝለት አያ ደሴ የሚባል አጎቱን ከሩቅ አገር አስመጣ። አያ ደሴ ወግ አዋቂ ነኝ ባይ ነው። ለሟች አባት ለአያ ታከለ ሽማግሌ ላኩ፣ ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ ተመለሱ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ አዛውንት ብቻቸውን፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡና የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። ከአያ ታከለ ቤት ነው የመጣሁት አሉ። አያ ደሴ መልካቸውን አያውቅም። ገዳዩን ጓዳ አስገብቶ ወጣና ማን እንደላካቸው ጠየቃቸው።

«ማንም አልላከኝም» አሉ አዛውንቱ። «የሞተው የእኔ ልጅ ነው። ደሙም የእኔ ነው። ምሬዋለሁ፤ ይውጣ።»

አያ ደሴ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተቆጣ! ባለ ደም በእግሩ አይመጣም፤ ከመቼ ወዲህ ነው? ይሄ ተላኪ ነው፤ ተላኪ ሆኖ ሳለ ራሱን ባለቤት አደረገ ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ለላከህ ሰው ካሣ እንጨምራለን በለው፣ መልሱን እንጠብቃለን አላቸው። አዛውንቱ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ገዳዩ ከጓዳ ሆኖ ማን ነበር ቢለው፣ ተላኪ ነው፣ መልስ ይዞ ይመለሳል አለው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!

ወገኖቼ፣ ያ ሰው መልስ ጠበቀ። ክረምቱን ጠበቀ። እናቱ ሞተች፣ ሰው ቀበራት፤ እሱ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ይቅር የተባለ ሰው እኮ ነው!

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ላኩ። አያ ታከለ፣ «ምን ሌላ መልስ አለኝ? ራሴ መጥቼ ነገርኳችሁ» አሉ። ሰውየው ይህን ሲሰማ «እናቴን ሳልቀብራት!» አለ።

እንግዲህ እናንተ! ባለፈው እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንገት ለአንገት ስትያያዙ ሰምቻለሁ። ኢየሱስ አምላክ ነው ወይስ የአምላክ መልእክተኛ? አንዱ «ተላኪ ነው» ይላል፣ በብልጠቱ ይኮራል። ተናድጃለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ተልኳል አይደል የምትሉኝ? አዎ፣ ተልኳል! አብ ግን የላከው የገዛ ልጁን ነው፣ ከእርሱ ጋር አንድ አምላክ የሆነውን። ባዕድ ፍጡር ልኮ አስገርፎ፣ አሰቅሎ፣ እሱ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ «ወደድኳችሁ» አለን? ይሄ ፍቅር ነው? ሰውን ወደ ሞት ልኮ ቤት መቀመጥ የምድር ጌቶች ወግ ነው፣ የእግዚአብሔር አይደለም! ተላኪ ምሕረትን ያወራል እንጂ አይምርም። ኢየሱስ ሽባውን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ሲለው ጸሐፍቱ ከእግዚአብሔር በቀር ማን ይችላል ብለው አጉረመረሙ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ የቆመው ማን እንደሆነ ነው ያላወቁት።

«አሜን» የምትሉት ደግሞ ቆዩ፣ አላለቀም! በአፋችሁ አምላክ ትሉታላችሁ። ሲመሽ ግን «ይቅር ብሎኝ ይሆን?» እያላችሁ ትብሰለሰላላችሁ። አንዷ ሕልም አየሁልሽ ባይ ዘንድ ትሮጣለች፣ አንዱ ትንቢት ይጠብቃል። ከማን የሚመጣ መልስ ነው የምትጠብቁት? በአፋችሁ ያመናችሁትን በኑሮአችሁ ተላኪ አደረጋችሁት፤ ከተከራካሪው በምን ትሻላላችሁ?

ከእርሱ በላይ የሚመጣ ማን ቀረ? ማንም። በእግሩ የመጣው ባለቤቱ ነው፣ ቃሉንም ተናግሯል። ውጡና ኑሩ።