ከአባት የተደበቀው በሽታ

አንዲት ሴት የታመሙ አባቷን ይዛ ከሩቅ ገጠር ወደ ትልቅ ሆስፒታል መጣች። ይታይሽ ትባላለች፤ አባቷ አቶ ጓንጉል። እዚያ እስኪደርሱ ስንት ወረፋ፣ ስንት ደጅ ጥናት! ድሃ መታመሙ ሳያንሰው ይንገላታል፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ተመረመሩ። ሐኪሙ ይታይሽንና አብሯቸው የመጣውን አጎቷን መንበሩን ለብቻ ጠርቶ «ጉበታቸው ላይ ካንሰር አለ» አላቸው። «ደግነቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው። አሁን በቀዶ ሕክምና ቢወጣ የመዳን ተስፋ አላቸው። ከሰፋ ግን እኛም ልናወጣው አንችልም።»

ተስፋ አለ ተባሉ። ታዲያ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? በሽታቸውን ሸሸጓቸው!

መንበሩ በረንዳው ላይ ክንዷን ጨምድዶ ይዞ «ወየውልሽ ብትነግሪው! የዚህን በሽታ ስም ከሰማ ክው ብሎ ነው የሚቀረው» አላት። እሷም አባቷን ትወዳለች፤ ሆዷ ባባ። ገብታ «አባዬ፣ ጨጓራ ነው አሉ» አለቻቸው።

ከፍቅር የወጣች ውሸት ናት፤ ምን ክፋት አላት? ቆዩኝማ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ «ፈቃድዎን ይስጡን» ሲላቸው አቶ ጓንጉል ቱግ አሉ። «ለጨጓራ ብላችሁ ሆዴን ልትቀድዱት? ምን በወጣኝ! አገሬ ገብቼ ተልባዬን እጠጣለሁ!» ጋቢያቸውን አጣፍተው ውልቅ አሉ። እውነታቸውን አይደል? ለጨጓራ ማን ይቀደዳል!

ሐኪሙ ወደ ይታይሽ ዞሮ «አልነገርሻቸውም እንዴ?» አላት። «አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ። ዛሬ ከሄዱ መቼ ተራ እንደሚደርሳቸው እንጃ፤ በሽታው ደግሞ አይጠብቅም።»

እየሮጠች ግቢው በር ላይ ደረሰችባቸው። ብትነግራቸው በድንጋጤ እንዳይሞቱባት ፈራች፤ ዝም ብትል ወደ ሞታቸው ራሷ ልትሸኛቸው ነው።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። ጨጓራ አይደለም፤ ካንሰር ነው። ካልወጣ ይገድልሃል» አለችና ተንሰቀሰቀች።

«ምነው! ገደልሽው እኮ!» ብሎ ጮኸ ተከትሏት የደረሰው መንበሩ።

አቶ ጓንጉል አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። ደነገጡ፤ እንዴት አይደነግጡ? ከዚያ ቀና አሉና «መንበሩ፣ በአገራችን መርዶ የሚያረዳው ማነው?» አሉ።

«አንተ ነህ፣ ወንድምዬ» አለ መንበሩ።

«መርዶ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ይኸው አለሁ! ምነው በሽታዬን እንደ መርዶ ሸሽጋችሁ በቁሜ ቀበራችሁኝ?» ወደ ልጃቸውም እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ ደግፊኝ። ወደ ሐኪሙ መልሺኝ።»

ተመለሱ፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ቀላል አልነበረም። ብዙ ተሠቃዩ፤ ቁስሉም ቶሎ አልሻረም። ግን ይኸው በሕይወት አሉ፤ ለክትትል ሲመጡ ያው ይታይሽ ናት የምታመጣቸው።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። በየቤታችን ሁሉም ሰው በሽታውን አውቆ እሱ ብቻ ያላወቀ ሕመምተኛ የለም? ጓዳ ገብተን እናለቅስለታለን፤ ፊቱ ስንቀርብ እንስቃለን። ድሃው ደግሞ ጠይቆ የሚረዳበት ሌላ በር የለውም፤ ያለነው እኛው ነን። እኛም ከዘጋንበት ወዴት ይሂድ?

የምንራራው ለእሱ ነው ወይስ ለራሳችን? እንባውን ማየት ስለፈራን አይደለም ወይ ዝም ያልነው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ተዉ፣ አትሽሹት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁን ያዙ፤ ንገሩት። ካለቀሰ አብራችሁት አልቅሱ። ሲነሣም ብቻውን አትላኩት፤ እስከ ሐኪሙ በር አብራችሁት ሂዱ።