የሙጪት ምላስና የልየው ጋቢ

ሰው አንድ ነገር ፍለጋ ወጥቶ፣ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ሲያገኘው፣ የሐይቅ ዳር ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው የሚሏት አባባል አለች። ሁለት ቃል ናት። ለማያውቃት ሰው የቄስ ነገር ትመስለዋለች። ቄስም አለበት፤ እውነተኛ መነሻዋ ግን የሙጪት ምላስና የልየው ጋቢ ናቸው።

ሙጪት በደንገሎ መንደር ዓሣ ሻጭ ነበረች። ዓሣዋ እንደማንም ሰው ዓሣ ነው፤ ምላሷ ግን እንደማንም አልነበረም። ዋጋ ሊያስቀንስ የመጣ ገበያተኛ ተሰድቦ፣ ስቆ፣ ተመርቆ፣ ያላሰበውን አምባዛ ተሸክሞ ይሄዳል። ባሏ ቢያዝን ታንኳ ሠሪና ዝምተኛ ሰው ነበር። ለምን እንደማያወራ ሲጠይቁት፣ «ሁለታችንም ካወራን ማን ይሰማል?» ይላል።

ክረምት ላይ ቢያዝን ታሞ ሞተ። ሙጪት አላለቀሰችም። ከቀብር ተመለሰች፣ ተቀመጠች፣ አፏም ተዘጋ። በቃ፣ ተዘጋ። ገበያ ወጥታ ዓሣዋን ትዘረጋና ፊት ለፊቷን ታያለች፤ ዓሣዎቹም እንደሷ ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። ገበያተኛው ፈርቷት ወደ ሌላ ሻጭ ዞረ።

ከሁሉ ይልቅ የተቸገረችው ልጇ አንጓች ናት። የናፈቃት ደግሞ የእናቷ ቁጣ ነው። አንድ ቀን ሆን ብላ እንስራ ሰበረችና፣ «አሁንስ ትጮህብኛለች» ብላ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። እናቷ ስብርባሪውን ለቅማ ጣለችና ተመልሳ ተቀመጠች። አንጓች ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። ስላልተቆጧት ያለቀሰች ልጅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የሙጪት ታላቅ እህት ደብሬ ከጎርጎራ መጥታ ነገሩን አየችና ፈረደች። «ደሴቱ ገዳም ሄዳ ጠበል ትሞክር። ካልተሻላት አንጓችን እኔ እወስዳታለሁ። የማትናገር እናት ልጅ አታሳድግም።»

ሙጪት ይህን ስትሰማ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን አልወጣም።

ወደ ገዳሙ ልቅዘፍ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ልየው ነው። ልየው ደግ ሰው ነው፤ በሽታው ጥድፊያ ነው። ወጥ ሳይፈላ ይቀምሳል፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ሟቹን በሕይወት ያገኘዋል።

የደንገል ታንኳ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ደንገል ሣር ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ተመልሶ አይገባም። ልየው ግን ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድበት የዋለውን የቢያዝንን ታንኳ በማግሥቱ ጠዋት ጎተተው።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ እርጥብ ነው፤» አለች አንጓች።

«አንቺ ደግሞ! ውሃ ላይ ለሚሄድ ነገር መድረቅ ምን ያደርግለታል?»

ሙጪት ደንገሉን በእጇ ጫን አድርጋ አየችው። ውሃ ተንቆረቆረ። ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልጇን ይዛ ገብታ ተቀመጠች።

የባሕሩ መሃል ላይ ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ልየው መቅዘፊያውን እግሩ ሥር ጣለና ብድግ አለ። ጋቢውን አወለቀ፣ ሁለቱን ጫፎች ታንኳው ውስጥ ባቆመው የመግፊያ ቀርከሃ ላይ አሰረ፣ የቀሩትን በእጁ ወጠረ። ጋቢው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ።

«ይኸውላችሁ! መርከብ ሆንን! እታለም፣ ለቁርስ የወጣን ለምሳ እንደርሳለን!»

እውነትም በረሩ። የሐይቁ ወፎች ግራ ቀኝ ሸሹላቸው፤ አንጓችም ሳትፈልግ እልል አለች። ቀጥሎ እግሯ ራሰ። የታንኳው አፍንጫ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። ሙጪት የወንድሟን እግር መታ መታ አደረገች።

«አይዞሽ እታለም፣ ነፋስ ይዘናል!»

ውሃው የአንጓች ቁርጭምጭሚት ላይ ደረሰ። ሙጪት ልጇን በአንድ እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«አውርደው!»

ልየው ዞር ብሎ አንጓችን አያት። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አንተ ቀልበ ቢስ! ጋቢህን አውርደው! ልጄን ልታሰጥምብኝ ነው? እርጥብ ታንኳ ላይ ሸራ! ቢያዝን ቢያይህ... ቢያዝን ቢያይህ...»

ልየው ከመደንገጡ የተነሣ ጋቢውን ለቀቀው። ጋቢው ብቻውን ጎርጎራ ሄደ። አንጓች እግሯ ውሃ ውስጥ ሆኖ እስከ ጆሮዋ ፈገግ አለች። እናቷ ስትሳደብ እንደዚያን ቀን አምራት አታውቅም።

እየቀዘፉ፣ በእጃቸው ጭምር እየቀዘፉ፣ ወፍ ብቻ የሚኖርባት አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ወጡ። ታንኳውን ድንጋይ አስደግፈው ለፀሐይ አቆሙት። ደንገል እስኪደርቅ ደግሞ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለም። ሙጪት የቆመውን ታንኳ፣ የባሏን እጅ ሥራ፣ ቁልቁል ዳበሰችው። ስሙን ከጠራች በኋላ እንባዋም መንገዱን አገኘ። አለቀሰች፤ ልየውም አለቀሰ፤ አንጓችም ከሰው ላለማነስ አለቀሰች።

«የሠርጋችን ቀን» አለች ሙጪት አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ታንኳው ሳይደርቅ አልሳፈርም ብሎ ሚዜዎቹን አስቀድሞ ላካቸው። አባቴ ሚዜውን ሙሽራ መስሎት አቅፎ ሳመው፣ መረቀው። ቢያዝን ሲመጣ ምርቃቱ አልቋል!»

«እና አንቺ ማንን አገባሽ?» አለች አንጓች።

«ዝም በይ አንቺ ምላሳም! በእንስራውም አልማርኩሽም፤ ሆን ብለሽ እንደሰበርሽው አይቻለሁ!»

አንጓች ከደስታዋ ብዛት ልትፈነዳ ደረሰች።

ታንኳው ደርቆ ገዳሙ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ሴት ከወደቡ አታልፍምና፣ ደብሬ አስቀድማ የላከችባቸው የገዳሙ ቄስ አባ ዘሚካኤል ጠበሉን በቅል ይዘው ወረዱ። ከታንኳው በፊት የደረሳቸው የሙጪት ድምፅ ነው። «ለደብሬም ንገራት! ልጄን የሚወስዳት ሰው መጀመሪያ ከኔ ምላስ ይለፍ!»

«አፏ የተዘጋባት በሽተኛ የታለች?» አሉ አባ።

«እኔ ነኝ አባ፤ ይባርኩኝ። ይሄ ወንድሜ እኮ...» ብላ የእርጥቡን ታንኳና የጋቢውን ነገር አንድ በአንድ አወራችላቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናት፤» አለ ልየው፣ ያለ ጋቢ እየተንቀጠቀጠ።

አባ ዘሚካኤል እሷን አዩ፣ ልየውን አዩ፣ የደረቀውን ታንኳ አዩ። ቅሉን ለልየው ዘረጉለትና፣ «እንካ ልጄ፣ ይኸስ ለአንተ ጥድፊያ መድኃኒት ይሆናል፤ እሷ ግን ተፈውሳ መጥታለች፤ ከጠበሉ መንገዱ!» አሉ።