ዝም ያለው የእታገኝ እንዝርት

የአምላክ እናት ድንግል ማርያም ለአንዲት ፈታይ ያደረገችውን ልንነግራችሁ ነውና፥ በዚህች ጥላ ሥር የተሰበሰባችሁ ምእመናን፥ ልቡናችሁን ከዝናቡ ድምፅ መልሳችሁ ስሙ፤ ረድኤቷ ከሚናገረው አንደበትና ከሚሰማው ጆሮ አይለይ።

በሸዋ ምድር፥ ከተማው አልቆ የጽድ ዛፍ በሚጀምርበት ኮረብታ ላይ፥ በእመቤታችን ስም የታነጸች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በዚያም አጥቢያ እታገኝ የምትባል፥ የክርስትና ስሟም አስካለ ማርያም የሆነ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፥ ልጅም አልነበራትም፤ ነገር ግን እጇ ከእንዝርት፥ አፏም ከውዳሴ ማርያም ተለይቶ አያውቅምና ብቸኝነት አይሰማትም ነበር። መልአኩ ገብርኤል ሊያበሥር በመጣ ጊዜ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ በልጅነቷ ሰምታ፥ «እርሷም ፈታይ ናት ማለት ነው» ብላ ደስ አላት፤ ከዚያም ቀን ጀምራ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን ፈትል በየቀኑ ልትፈትል ተሳለች። የዕለቱን ውዳሴ ስትጀምር እንዝርቱን ታነሣለች፥ ስትፈጽምም ታስቀምጣለች፤ እንዲህም ስታደርግ ፀጉሯ እንደያዘችው አመልማሎ ነጣ።

በዚህም ሥራዋ ሁለት ነገር ትጠብቅ ነበር። አንደኛው፥ ለእመቤታችን የተፈተለ መሬት እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ፈትሉ ቢቋጠር አትበጥሰውም፤ ቋጠሮውን በጥፍሯ ይዛ፥ ትንፋሿንም ውጣ፥ እስኪወጣ ድረስ ቀስ ብላ ትስበዋለች እንጂ። ጎረቤቶቿም «አንቺ ሴት፥ በጥሰሽ አትቀጥይውም ወይ? ስንት ዕድሜ አለሽ?» ይሏት ነበር፤ እርሷም «የተቀጠለ ጧፍ ላይ እሳቱ ይደናቀፋል» ትላቸው ነበር።

ከዓመታት በአንዱ ጾመ ፍልሰታ በገባ ጊዜ፥ እታገኝ እንደ ልማዷ ከሌሎች ምእመናን ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ቀልሳ ሱባኤ ያዘች። ከሱባኤተኞቹም አንዳንዶቹ አርምሞ ይይዙ ነበር፤ ይኸውም እስከተሳሉበት ቀን ድረስ ከሰው ጋር ቃል አለመለዋወጥ ነው። አርምሞ የያዘን ሰው መጥራት በዚያ ነውር ነው፥ ማናገርም ጸሎቱን እንደ ማፍረስ ይቆጠራል። ከእታገኝም ጎጆ አጠገብ እማሆይ ፀዳለ የተባሉ፥ ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው መነኩሲት ነበሩ፤ እርሳቸውም ቀኑን የሚከፍሉት በሁለት ድምፅ ነበር፥ በደወሉና ከእታገኝ ጭን ተነሥቶ ሽርርር በሚለው እንዝርት።

በሱባኤው በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፥ ዝናብ አባርቶ ጉም በጽዶቹ መካከል ሲሄድ፥ እታገኝ በጎጆዋ ደጅ ተቀምጣ የዕለቱን ውዳሴ እኩሌታ አድርሳ ነበር። ያን ጊዜም ጉሙ ወደ እርሷ የገባ መሰላት፤ ገብቶም ቀኝ እጇን ወሰደባት። ብታየው እጇ በጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተኝቷል፤ እንዝርቱ ተንከባሎ ወደቀ፥ ፈትሉም በእርጥቡ ሣር ላይ ተዘረጋ። «እመቤቴ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ደጁ ድረስ መጥቶ መዝጊያው አልከፈት ያለው እንግዳ ሆነ። ሕመም አልነበረውምና ለራሷ አልፈራችም፤ ያስፈራት የፈትሉ መሬት መንካት ነበር። ከዚያም በጎጆዋ ምሰሶ ላይ ተደግፋ ቀረች።

ጥቂትም ቆይቶ ስድስት ሰዓት ሆነና የቅዳሴው ደወል ተደወለ፤ ሰውም ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሲያልፍ አያት። የሱባኤተኞቹ አስተባባሪ ጋሽ ደምሴና ሽምብራ ለሱባኤተኞች የምታድለው ወይዘሮ ብርቄ በፊቷ ቆሙ።

«ጋሽ ደምሴ፥ እታገኝ ለቅዳሴ አትነሣም እንዴ?» አለች ብርቄ።

«እሽሽ፤ ቀስ በይ። አርምሞ ይዛለች። አታዪም፥ ዓይኗን ከአንድ ቦታ አትነቅልም።»

«ትናንት እኮ ጣራዬ ያፈሳል እያለችኝ ነበር።»

«ዛሬ ጀመረቻ። አንቺም አንድ ቀን ብትሞክሪው ሰፈሩ ያርፍ ነበር።»

ብርቄም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፥ አንድ እፍኝ የራሰ ሽምብራ በቅጠል ላይ አድርጋ በእታገኝ እግር አጠገብ አኖረች፥ እንደ ብፅዕትም እጅ ነሥታት ሄደች። ከእነርሱም በኋላ ያለፉት ሁሉ በእግራቸው ጣት እየረገጡ አለፉ። እታገኝ ሁሉን ታያለች፥ ሁሉንም ትሰማለች፤ በልቧም ትጮኻለች፤ እነርሱም ስላከበሯት ጥለዋት ሄዱ።

ብቻዋንም በቀረች ጊዜ፥ ጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ አየች፤ ነጠላዋ የጉሙ ይሁን የእርሷ አይለይም፥ በእጇም እንዝርት አለ። ሴቲቱም የወደቀውን ፈትል አየችው እንጂ ከሣሩ አላነሣችውም፤ ጫፉን ይዛ እማሆይ ፀዳለ ወደሚመለሱበት መንገድ ዘርግታው ሄደች።

ቅዳሴውም በዘጠኝ ሰዓት ባለቀ ጊዜ እማሆይ ፀዳለ በበትራቸው መሬቱን እየዳበሱ ሲመለሱ፥ በበትራቸው ጫፍ አንድ ነገር ተጠመጠመ፤ ጎንበስ ብለው ቢዳስሱት ፈትል ሆነ። የእታገኝ ፈትል መሬት እንደማይነካ ያውቁ ነበርና ደነገጡ። ከዚያ መንገድ እስከ ጎጆዋ ሃያ ክንድ ይሆናል፤ እታገኝ ግን ያን ዕለት የፈተለችው ሃያ ክንድ አይሞላም ነበር።

«ደምሴ» ብለው ተጣሩ፤ «የእታገኝ እንዝርት የት ሄደ?»

«አርምሞ ይዛለች፥ እማሆይ።»

«አርምሞ የአፍ ነው፤ እጇን ማን ዝም አሰኘው? ወደ እርሷ ምራኝ።»

ፈትሉንም እየጠቀለሉ ሄደው ፊቷን ዳሰሱት፤ አፏ ወደ አንድ ወገን ዘንብሏል፥ ቀኝ እጇንም ቢያነሡት ተመልሶ ወደቀ። ጋሽ ደምሴም ይህን አይተው «እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ሰው አይንካት ብዬ የጠበቅኋት እኔ ነኝ» አሉ። አንዳንዶቹም ወደ ጠበሉ እንውሰዳት ባሉ ጊዜ እማሆይ «ጠበሉን በግንባሯ ላይ እኔ እረጭላታለሁ፤ ደምሴ፥ አንተ መኪና አምጣ» አሏቸው። ጋሽ ደምሴም በአንድ የአትክልት መኪና ጭነው ወደ ከተማው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ በደረሱም ጊዜ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

በዚያም ዶክተር ብሩክታዊት የምትባል የአንጎል ደም ሥር ሐኪም ተቀበለቻቸው፥ የእታገኝንም ራስ በማሽን አስነሥታ አየች፤ ከዚያም ወጥታ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የነበሩት መቼ ነው? ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ነው ያለው» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ደምሴም «እኛማ ስናያት ዝም ብላ ነበር» አሉና አቀረቀሩ።

እማሆይ ፀዳለ ግን «እንዝርቷ ዝም ያለው የቅዳሴው ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ነው። ለቅዳሴ ተነሣች ብዬ እኔም ሄድሁ» አሉ።

ሐኪሟም ብርሃን ያጡትን ዓይኖቻቸውን አይታ «እማሆይ፥ እርግጠኛ ነዎት?» አለቻቸው።

«ልጄ፥ እኔ ሌላ ሰዓት የለኝም።»

እርሷም አመነቻቸውና ነገሩን ገለጠችላቸው፦ በግራ በኩል ያለውን ትልቁን የአንጎል ደም ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፥ ነገር ግን አምስት ሰዓት ሆኖታልና የመድኃኒቱ ጊዜ አልፏል። አንድ መንገድ ቀርቷል፤ ከጭን ሥር ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፥ በልብ አጠገብ አልፎ በአንገት በኩል ወደ ራስ ይወጣል፥ በጫፉም ያለው ትንሽ የሽቦ መረብ ተዘርግቶ የረጋውን ደም ይይዘዋል፥ ከዚያም ቀስ ተብሎ ይሳባል። ካልተሳካ ግን ምላሷና እጇ አይመለሱም፥ በሕይወት መቆየቷም ያጠራጥራል።

እማሆይም «ከጭኗ ነው የምታነሡት?» አሉ።

«አዎ፥ ከጭናቸው።»

«ቋጠሮውን ሳትበጥሱት?»

«እንዳይበጠስ ነው የምንጠነቀቀው፤ ስባሪው ሌላ ቦታ ሄዶ ይዘጋል።»

«እንግዲያ እርሷ የምታውቀው ሥራ ነው፤ አድርጉት» ብለው፥ ሌላ ዘመድ ስላልነበራት፥ በወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ።

እታገኝም ነቅታ ሳለች በብርሃን ሥር አስተኟት። ሐኪሞቹ ነጭና አረንጓዴ ለብሰው በዙሪያዋ ሲመላለሱ፥ እርሷ ግን ያችን የጉም ሴት በእግሯ በኩል ተቀምጣ አየቻት። ሴቲቱም ከእታገኝ ጭን ላይ ፈትል አነሣች፤ ፈትሉም በውስጧ እንደ ወንዝ ሽቅብ ሄደ፥ በደረቷ በኩል ሞቅ ብሎ አለፈ፥ በአንገቷም ወጥቶ በራሷ ውስጥ ካለች አንዲት ጨለማ ጓዳ ደረሰ። ሐኪሟም መረቡን ዘርግታ ሳበች፥ ባዶውንም መጣ። ሁለተኛም ሳበች፥ ባዶውን መጣ። ረዳቷ ቀስ ብሎ «ደም ሥሩ እንዳይቀደድ፥ ዶክተር» አላት። የእታገኝ ዓይን ግን የሐኪሟን እጅ ይከተል ነበርና፥ በልቧ እንዲህ ስትል ለመነች፦ «እመቤቴ ሆይ፥ ቸኩላለች። ቋጠሮ ሲያዝ ይታገሡታል፤ እንደ እኛ አስተምሪያት።»

በሦስተኛውም ጊዜ ሐኪሟ መረቡን ከዘረጋች በኋላ ወዲያው አልሳበችም፤ መረቡ የረጋውን ደም እስኪጨብጥ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያም ትንፋሿን ውጣ፥ ቀስ ብላ፥ ክንድ በክንድ ሳበችው፤ በመረቡም ውስጥ ከምስር ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ፥ ጠቆር ያለ ቀይ ቋጠሮ ሳይበጠስ ወጣ። በማሽኑም ምስል ላይ ደረቁ የደም ሥር እንደ ክረምት ጅረት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሞላ።

ያን ጊዜ የእታገኝ ቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተነቃነቁ፥ በባዶው አየር ላይም እንዝርት እንደ ማሾር አደረጉ። ከንፈሯም ተከፈተና በተኰላተፈ ድምፅ ትናገር ጀመር።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሐኪሟ።

ከነርሶቹ አንዷ ውዳሴውን በቃሏ ታውቅ ነበርና ጆሮዋን አዘንብላ ሰማች፤ «የዛሬውን ውዳሴ ነው፤ ከመካከሉ ጀምረዋል» አለች። እታገኝም ረፋዱ ላይ ጉም ካቋረጠባት ቃል አንሥታ እስከ መጨረሻው አደረሰች፤ ሐኪሟም እስክትፈጽም ድረስ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆማ ጠበቀቻት።

በፍልሰታም በዓል ቀን እታገኝ ቀኝ እግሯ ጥቂት እየከበዳት በገዛ እግሯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣች። ጋሽ ደምሴም ሐኪሟ ያስተማረቻቸውን የሕመሙን መለያ ይዘው አዲስ ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ አርምሞ የያዘ ሁሉ ጠዋትና ማታ ሲጎበኝ ሁለት እጁን አንሥቶ ያሳያል፥ ፈገግም ይላል። አንድ ሽማግሌ ፈገግታው ቢከብዳቸው ጋሽ ደምሴ «አባቴ፥ ፈገግታ ሱባኤ አያፈርስም፤ ጥርስዎን ያሳዩኝ» አሏቸው፥ እስኪያሳዩአቸውም አልሄዱም።

እማሆይ ፀዳለም ያን ዕለት በበትራቸው ላይ የጠቀለሉትን ፈትል አውጥተው ለእታገኝ ሰጧት። እርሷም ተቀብላ አቀረቀረችና «ይህ ለጧፍ አይሆንም፥ እማሆይ፤ መሬት ነክቷል» አለች።

«መሬት አልነካም፤ እኔን ነው የነካው» አሏት።

እታገኝም አለቀሰች፥ ፈትሉንም በሰም ነከረችው፤ ሃያ ክንድ ሙሉ ሆነ። በዚያም በዓል አስቀድሞ የበራ ጧፍ ያ ነበር፤ ብርሃኑም ከጫፉ እስከ መጨረሻው ምንም ሳይደናቀፍ ነደደ፥ እርሷም እስኪያልቅ ድረስ እያመሰገነች ቆመች።

የእታገኝን ቋጠሮ ሳይበጠስ ያወጣች እመቤት የእኛንም ታውጣልን፤ በዝምታ የተቸገረውን የሚሰማ ጎረቤት ትስጠን፥ የሐኪሞችንም እጅ ትባርክ፤ ይህን ያነበበውን፥ የሰማውንና በጎጆው ብቻውን ያለውን ሁሉ በፈትሏ ጫፍ ይዛ ወደ ልጇ ብርሃን ትሳበን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።