በግራ በኩል የተቀመጠ ጉርሻ

አንድ ነጋዴ በሐይቅ ዳር ከተማ ባለመስታወት ትልቅ ምግብ ቤት ከፈተ። ስሙ አቶ ዘገየ ነው። መብራቱ ከጣራው እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሰው ግን አንድ ቀን ገብቶ ፎቶ ይነሳና በዚያው ይቀራል። ዘንድሮም እንዲህ ከቀጠለ መዝጋቱ ነው።

ከጀርባው ባለው ቅያስ፣ ዕድሜያቸውን በመርከብ ሥራ የጨረሱት ጋሽ ኑረዲን የቆርቆሮ ቤት አላቸው። በሩ መጋረጃ ነው። እዚያ በመርከብ ሲዞሩ የለመዱትን የጃፓኖች ምግብ፣ ሱሺ ይሠራሉ፤ ሩዙን በእጃቸው ጨበጥ ያደርጉና ጥሬ አሳ ጣል ያደርጉበታል፣ አለቀ። ጥሬ አሳ ለሐይቅ ዳር ሰው ብርቅ አይደለም። ታዲያ ሰፈሩ ምን ፍለጋ ነው እዚያ የሚጋፋው?

በአንድ ካፊያ ቀን አቶ ዘገየ ምስጢሩን ሊሰልል ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ማን እንደሆነማ ሁሉም አውቆታል። የሩዙ እንፋሎት ከሐይቁ ጉም ጋር ተቀላቅሎ፣ ቤቱ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሻይ ሰጡትና ተራውን ጠበቀ።

ጋሽ ኑረዲን ከአቶ ዘገየ ጎን ለተቀመጡት፣ ጥርስ ለሌላቸው ለእትዬ አመለወርቅ አሳውን እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ቆርጠው አቀረቡ።

"አንተ ኑረዲን፣ የኔ እያነሰ ሄደሳ፤ ሰሰትክ እንዴ?"

"ጥርስ ያብቅሉና አተልቅልዎታለሁ።"

ከዚያ ለአቶ ዘገየ ሠሩና ጉርሻውን ወደ ግራ እጁ ጠጋ አድርገው አስቀመጡለት። ደነገጠ። በልጅነቱ በግራው ሲበላ ጣቱን እየተገረፈ ነው ያደገው፤ ሚስቱ ፊት እንኳ የሚጎርሰው በቀኙ ነው።

"ምን አይተው ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሻይዎን በግራ አነሱ፤ ሰው አየኝ ብለው ወደ ቀኝ አዛወሩት። እዚህ የሚቆጣዎት የለም፣ ይጉረሱ።"

በግራው ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሰናፍጩ ነው" አለ።

"ዛሬ ሰናፍጭ የት አለና" አሉ እትዬ አመለወርቅ።

ሊጠይቅ የመጣውን ሳይጠይቅ ወጣ። በማግስቱ ከራሱ ምግብ ቤት ጥግ ቆሞ የሚገባውን ሰው ማየት ጀመረ። አንዲት አሮጊት ወንበሩ ከፍ ብሎባቸው እግራቸው ተንጠልጥሏል። ከጓዳ በርጩማ አምጥቶ ከእግራቸው ሥር አደረገላቸው። በሳምንቱ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ።

ሰው ያማረ ቤት ለማየት አንዴ ይገባል፤ ደጋግሞ የሚመለሰው ግን እሱን ልብ ብለው ወዳዩት ቤት ነው። እርስዎስ፣ ትናንት ቤትዎ የመጣው እንግዳ የሚቀናው የትኛው እጁ እንደሆነ አይተውለታል?