የባላምባራስ ይመኑ ቁራኛ

ሰው አፉ አዳልጦት ጉዱን በራሱ ሲያወጣ የምንጠቅሳት አንዲት አባባል አለችን። ዛሬ እየሳቅን እንላታለን እንጂ መጀመሪያ የተነገረች ዕለት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሁለት መኳንንት ተዋግተው አንደኛው ድል ካደረገ በኋላ ነው። ድል አድራጊው «ምርኮኛ የገደለ ይገደላል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ከተሸነፈው ወገን ባላምባራስ ይመኑ ተያዙ። እጁን የሰጠ አንድ ወታደር ወንዝ ዳር በጥይት ገድለዋል ተብለው ነው። ማድረጉንስ አድርገውታል፤ ሲሸሹ ምርኮኛ መጎተት ከበዳቸው። ከተፈረደባቸው እዚያው ወንዝ ዳር ሊገደሉ ነው።

በዚያን ዘመን ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኛሉ። የባላምባራስ ቁራኛ የሟቹ አባት፣ አያ ቢሻው የሚባል ገበሬ ሆነ። ሰባት ሳምንት አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ። አያ ቢሻው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በደህናው ቀን ከገበታቸው የማይጠፉት ወዳጆቻቸውም ባላምባራስን በሩቁ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ሰው እጃቸው ላይ ታስሮ ሰው ናፈቃቸው።

ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው ደግሞ ሎሌያቸው ደባልቄ ነው። ሲተኩሱ ያየ እሱ ብቻ ነበር። «በጥፊ የመታሁት ቀን ትዝ ካለው አለቀልኝ» እያሉ ያድራሉ።

የፍርዱ ቀን ደባልቄ ተጠራ። መጽሐፉን መትቶ፣ «ጌታዬ ወንዙ ዘንድ አልደረሱም» ብሎ ማለ።

«ሌላ ምስክር አለህ?» አሉ ዳኛው።

«የለኝም» አለ አያ ቢሻው።

«እንግዲያው ሰንሰለቱ ይፈታ።»

ቀጥቃጩ ሊፈታ ጎንበስ ሲል አያ ቢሻው ማልቀስ ጀመረ። «ልጄ እግር ስሞ፣ ለምኖ ሞተ ይሉኛል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለቅሶ የደረሰኝ ሁሉ ይህንኑ ሲያንሾካሹክ ነው የሄደው። እውነቱን ማን ይነግረኛል?»

ባላምባራስ ይህን ድምፅ ሰባት ሳምንት ሲጠብቁት ኖረዋል። የታሰረ እጃቸውን በሽማግሌው እጅ ላይ ጣል አደረጉና፣

«ተው አያ ቢሻው፣ ውሸታቸውን ነው» አሉት። «ልጅህ ወንድ ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አልለመነኝም።»

ወንዙ ዘንድ ያልነበረን ሰው ማን ሊለምነው ኖሯል? ዳኛው አንገታቸውን ደፉ፤ ቀጥቃጩም ሰንሰለቱን ሳይፈታ መዶሻውን ሰብስቦ ተነሣ። አያ ቢሻው እንባውን ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ባላምባራስ ያሉት የገባቸው ይሄኔ ነው። ዓይናቸው ደባልቄን ፈለገ። ደባልቄ በሐሰት የማለበትን እጁን እያየ ቆሞ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ እኔን ሲጠረጥሩ ከረሙ» አላቸው፤ «ለካስ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።»