ዳንቴል የለበሰው ሞተር

እንጨት መቅረጽ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። ስንዱ ልጄ፣ «እማዬ፣ ልጄን ሕሊናን ነፋስ እንኳ ሳላስነካ ነው የማሳድጋት። ምንም ሳይጎድልባት ስለ ምን ፊቷ ጠወለገ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

ሰውየው እንጀራው መዝገብ ቤት ነው። ከሥራ ሲመለስ ግን ጓሮ ባለችው ክፍል ትንሿን የመቅረጫ ማሽን ያስነሣና ወፉን፣ ሐረጉን ይቀርጻል። ያን ዓመት ለደብራቸው አዲስ አትሮንስ ሊሠራ ቃል ገባ፤ ቅዱሱ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበትን ማለቴ ነው። የሚደርሰውም ለሚካኤል ንግሥ ነበር።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ማሽኑ ቀጥ አለ።

«መብራት ሄደ» አለ። እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መብራትን አይደል? አምፖሉ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ሶኬቱን ቀየረ፤ ምንም የለም። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ ደኅና ነው። መቅረጫው እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ ይሆናል ብሎ በእጁ ቢያዞረው እንደ ልብ ይዞራል። በመጨረሻ አፍንጫውን ወደ ሞተሩ ቢያስጠጋ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ፈትቶ ወደ አንድ ሞተር ጠጋኝ ይዞት ሮጠ።

«ይሄማ ውስጡ ከስሏል» አለው ጠጋኙ። «አይድንም፣ ወንድሜ። አዲስ ግባበት።»

ከተማውን ሁሉ ዞሮ ልኩ የሆነ አንድ ሞተር ብቻ አገኘ። ብሎኑን አንድ በአንድ አጥብቆ ገጠመው። ቢያስነሣው ወደ ኋላ ዞረበት፤ ሁለቱን ሽቦዎች ቢያቀያይራቸው ተስተካከለ። ሚስቱ እልል አለች። ደስታቸው ግን አንዲት ሐረግ ተቀርጻ እስክታልቅ እንኳ አልቆየም። ሞተሩን ቢነካው እጁን ፈጀው። በድንጋጤ አጠፋውና ጠጋኙን ቤቱ ድረስ ለምኖ አመጣው። ይሄኛው ከተቃጠለ ሌላ የለም፤ አትሮንሱም ለንግሡ አይደርስም።

ጠጋኙ ገና ከበሩ ቆም አለ።

«ማሽኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ!» አለች ሚስቲቱ ኮራ ብላ። «ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት ዳንቴል ነው። ብናኝ እንዳይገባበትም ገበር አድርጌለታለሁ።»

«እትዬ፣ ሞተር ብርድ ብርድ ይለዋል እንዴ?» አለ ጠጋኙ ሳቁ እያመለጠው። ልብሱን ገለጥ አድርጎ በሞተሩ ጎን የተደረደሩትን ቀዳዳዎች አሳያት። «የሚተነፍሰው በዚህ ነው። እስከ አንገቱ ጠቅልለውት በየት ይተንፍስ?»

ባልየው መሬት መሬቱን አየ። ሁለት ወር የተለፋበትን ነገር አውልቂው ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ሚስቲቱ ግን ራሷ ተነሥታ ልብሱን ከሞተሩ ላይ ሞሸለቀችው።

«ለካ የፊተኛውንም ያነቅሁት እኔ ነኝ! ምነው አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ታየኛለህ?» አለች።

«አምሮበት ነበራ!» አላት ባሏ። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ሲሠራ ራቁቱን ሆነ። ብናኙን ሚስቲቱ ሥራ ሲያበቃ በብሩሽ ትጠርግለታለች፤ ዳንቴሉን የምታለብሰው ሲያርፍ ብቻ ነው። በንግሡ ዕለት አትሮንሱን ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ተሸክመው ገቡ። ዲያቆኑ መጽሐፉን ዘርግቶበት ሲያነብ ሴትየዋ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ ሴት ሞተሩን ያፈነችው ጠልታው አልነበረም፤ ስለ ወደደችው ነው። አንቺም እንዲሁ። ጉንፋን ይይዛታል ብለሽ በር ዘጋሽ፤ ይመቷታል ብለሽ ከእኩዮቿ ለየሻት። ሰው ስሟን ሲጠይቃት እንኳ እሷን ቀድመሽ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ምንም አልጎደለባትም ትያለሽ፤ መተንፈሻ ጎደለባት እንጂ። ስትተኛ ደራርበሽ አልብሺያት፤ ስትነቃ ግን ልቀቂያት። ትቆሽሽ፤ በውኃ ይለቃል። እግዚአብሔር እንኳ ለአዳም አስቀድሞ የሰጠው እስትንፋስ ነው፤ ልብስ የመጣው በኋላ ነው።

በይ ተነሺ፣ በሩን ክፈቺላት። የጎረቤት ልጆች ገመድ እየዘለሉ ነው፤ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል።