የባላምባራስ አጥናፌ መርፌ

ባላምባራስ አጥናፌ አዝማሪ አስዘፍነው በሸክላ ያስቀረጹት የራሳቸው ውዳሴ ነበራቸው። በየእሑዱ የሰፈሩን ሰው ይጠራሉ፤ ታዲያ ሸክላው ተዘፍኖ ሳያልቅ ማዕድ አይቀርብም። ስማቸው በተጠራ ቁጥር ደግሞ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ እጅ መንሳት አለበት።

አንድ እሑድ ሸክላው እያንቋረረ ጀመረና የማጫወቻው መርፌ ስማቸው ላይ ስትደርስ ተሰንቅራ ቀረች። "አጥናፌ... አጥናፌ... አጥናፌ..." ብቻ ሆነ። እንግዳው ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ሲል ላብ አጠመቀው፤ ወጡም ጓዳ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ባላምባራስ ማጫወቻውን አስቁመው ቢያዩ የመርፌዋ ጫፍ አልቋል። ተቆጡና ከማጫወቻው አጠገብ ወደተቀመጠች አንዲት ባልቴት ዞረው፣ "አንቺ ነሽ የነካካሽው! ከባሕር ማዶ ያስመጣሁትን ብረት ምን በላው? ካልተናገርሽ ዛሬ እዚህ ቤት እህል የሚቀምስ የለም!" አሉ።

ባልቴቷ ወገቧን ይዛ እየተነሳች፣ "ኧረ እኔ አልነካኋትም ጌታዬ፤ እርስዎን ስታመሰግን ነው ያለቀችው። እሷስ ብረት ናት፣ ምትክ ይመጣላታል። ለኛ ጉልበት ግን ከየት ያስመጡልናል?" አለች።